ጀልባው ከጧቱ 12 ሰዓት ይነሣል

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2018

ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀን። በአንድ ጆግ ፊቴንም እግሬንም ታጥቤ ወጣሁ። ከዓባይ ማዶ እስከ ቢሮዬ ሰፈር ፔዳ የባጃጁ ሾፌር መንገዱን ሙሉ በስልክ ከሚስቱ ጋር ተጨቃጨቀ። በሰማሁት ጥፋቱ የሱ ነው።

ቢሮ ስገባ ባልደረባዬ ቴዎ ወንበሬ ላይ ተዘርፍጧል። የራሱ ተሰብሯልና። «የብርጓል፣ ዛሬ ታዋቂ ሆነሻል» አለኝ። ለካ የጀልባ ማኅበሩ ትናንት መልእክት መላክ ጀምሯል። ሐይቁ ውስጥ ካለችው ከደቅ ደሴት ለሚሳፈር ሁሉ የጉዞው ቀንና ሰዓት በስልኩ ይደርሰዋል። ፕሮግራሙን ሁለት ወር ሙሉ ብቻዬን ነው የጻፍሁት። ሃምሳ ሦስት መልእክት ሄደ፤ ቅሬታ የለም። አለቃችን አምሐ ሳይቀር «ጎሽ» አለ። አምሐ «ጎሽ» ሲል ሰምቼ አላውቅም!

ምሳ ሽሮ። ጾሙ ገና ሁለት ሳምንት አለው። ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

ምነው ዛሬ ባልነጋ...

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ሳታንኳኳ ገባች። ከኋላዋ አንዲት መነኩሲት፣ መንገዳቸውን በዘንግ እየዳበሱ። ሴትዮዋ የሺመቤት ትባላለች። መነኩሲቷ እናቷ ናቸው፣ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል። ከደቅ ነው የመጡት። ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ አደረገችና «አንብቢው» አለችኝ። እኔን!

«ጀልባዎ ሰኞ ታኅሣሥ 13 ከምሽቱ 12 ሰዓት ይነሣል።»

ከምሽቱ? ጀልባው የሚነሣው ከጧቱ 12 ነው።

የእማሆይ አንደኛው ዓይን ጠፍቷል። የቀረውን ማክሰኞ ጧት ሞራው ሊገፈፍላቸው ቀጠሮ ነበራቸው። ሐኪሙ ከአዲስ አበባ የሚመጣው በወር አንዴ ነው። ሰኞ ሲመሽ ወደ ሐይቁ ቢወርዱ ጀልባው ጧት ሄዷል። ከደቅ ጀልባ ያለው ሰኞና ሐሙስ ብቻ። ዛሬ ሲደርሱ ሐኪሙም ሄዷል። ሌላ ቀጠሮ ተሰጣቸው፣ ማክሰኞ ጥር 19።

አምሐ ጠየቃት፣ «ሌላው ተሳፋሪ ታዲያ እንዴት ጧት መጣ?»

«ሌላውማ ልማዱን ያውቃል፣ ስልኩንም አላየ። እኛ የማታ ጀልባ ተጀመረ ብለን እልል አልን። ተጽፎ የመጣ ነገር ይዋሻል ብለን በምን እንጠርጥር?»

አምሐ «ይቅርታ እናቴ፣ ሲስተሙ ነው፣ ሲስተሙ ተሳስቶ ነው» አለ። እኔ ጣቶቼን አያለሁ። ሲስተሙ ማን ነው? እኔ ነኝ እኮ! አፌን ከፍቼ «እኔ ነኝ» ማለት አቃተኝ። ፈሪ። ፈሪ ነኝ።

እማሆይ ተነሡ። ሲወጡ የበሩን መቃን በእጃቸው ፈልገው አገኙት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17

ስሕተቱን አገኘሁት። በፈረንጅ ሰዓት ጧት 6 የኛ 12 ነው። ኮዱ ስድስት ይቀንሳል፣ ዜሮ ይመጣል፣ ዜሮውን 12 ያደርገዋል። ከሥሩ ያለው መስመር ደግሞ «12 ከሆነ ምሽት ነው» ይላል። ማን ጻፈው? እኔው። ሕፃን ልጅ በሚያውቀው ሰዓት! መስመሩን አረምሁት። ትኬት አትሜ አየሁ፣ «ከጧቱ 12» ይላል።

አምሐ ግን በዚህ አልረካም። መልእክቱን አስቁሞታል። «ማኅበሩ ጥር 13 እንደገና ጀምሩ ብሏል። አንዲት ስሕተት ከተደገመች ወደ ወረቀት ይመለሳሉ። ሳይፈተሽ አንድ ፊደል ከዚህ ቢሮ አይወጣም» አለኝ። ስለዚህ ፕሮግራሙን ለጻፍሁበት ቋንቋ፣ ለጃቫስክሪፕት፣ መፈተሻ መትከል አለብኝ። ኮዱን በነካሁት ቁጥር እያንዳንዱን ነገር ሞክሮ ልክ የሆነውን አረንጓዴ፣ ያልሆነውን ቀይ የሚያሳይ። እስከ ዛሬ ያለሱ መሥራቴ ራሱ ጉድ ነው።

ለራሴ ማልሁ። ሰኞ ጥር 18 እማሆይ ጀልባው ላይ ይሆናሉ። በኔ መልእክት ሁለተኛ አይቀሩም። አይቀሩም!

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ መፈተሻውን ለማውረድ ግማሽ ቀን ፈጀ። ወረደ። ቀጥሎ ኮንፊግ ፋይሉ። ለመፈተሻው የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ የት ፈልግ፣ የትኛውን አሂድ፣ የትኛውን ተው። አንድ ገጽ አይሞላም። ግን እያንዳንዷ መስመር ተንኮለኛ... ሦስት ጊዜ ጻፍሁት፣ ሦስቴም «ምንም ፋይል አላገኘሁም» አለኝ። አራተኛ ጊዜ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። እጄ አበጠ፣ ጠረጴዛው ምንም አልሆነ።

ቴዎ መጣ። «ምን ያንገበግብሻል? የኔን የድሮውን ኮንፊግ ኮፒ አርጊው። ሁለት ዓመት ስሠራበት አንድ ቀን አላስቸገረኝም።»

ወሰድሁት። ወዲያው ሠራ! ምን አለ ቀድሜ ብጠይቀው?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ስምና ስልክ ቁጥር የሚፈትሹ ሃያ ሁለት ፋይሎች አለቁ። ሰዓቱን ግን ከራሴ አውጥቼ አልጽፍም። ራሴን አየሁት እኮ። ወደ ጀልባው መውረጃ ሄድሁ።

ጋሽ ቢያዝን ሃያ ስድስት ዓመት ትኬት ቆርጠዋል። «ሰዉ ሰዓት እንዴት እንደሚጠራ ይንገሩኝ» አልኋቸው። ሳቁብኝ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይነግሩኝ ጀመር። ንጋት 11 አለ። ጧት 12፣ ምሽት 12። ቀን 6 ከሌሊት 6 ጋር እንዳይምታታ። ጀልባ ዘግይቶ ረፋድ 4 ሲነሣ። ከበዓል ማግስት ሰዓቱ ሲለወጥ... እኔ እጽፋለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ሆነ።

«እነዚህን ማሽኑ ሁሉንም ይጠየቃል?» አሉ።

«ሁሉንም።»

«እንግዲያው ሲመልስ ልየው። ዕድሜዬን ሙሉ ተሳፋሪ ሲሰድበኝ የኖርሁት በሰዓት ነው።»

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

ዐሥራ ዘጠኙን ጻፍሁ፣ እያንዳንዱን በየራሱ ፋይል። የፋይሉን ስም በአማርኛ አደረግሁት። «የጧት 12»፣ «የምሽት 12»፣ «የቀን 6»... ጋሽ ቢያዝን መጥተው ራሳቸው እንዲያነቡት። እንግሊዝኛ አያውቁምና።

ቴዎ ሲያይ በሳቅ ሞተ። «ፋይል በአማርኛ? ቀጥሎ ደግሞ በግእዝ ልትጽፊ ነው? ምን ነካሽ?»

ይሳቅ። የሰዓቱ ባለቤት ማንበብ ካልቻለ ምኑን ተፈተሸ?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

አረንጓዴ! ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ!! አንድ ቀይ የለም!

ተነሥቼ ጨፈርሁ። አምሐ ብቅ ብሎ አየና «ለማኅበሩ ልንገራቸው?» አለ። «ንገራቸው!» አልሁ። በዚያው ደወለ። «ተፈትሿል» ብሎ ደብዳቤም ፈርሞ ላከ።

እትዬ የሺመቤት፣ ይኸው። እማሆይ፣ ይኸው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29

ገና። እናቴ ጋ በላሁ፣ ተኛሁ። ስለ ኮድ አላሰብሁም።

ማክሰኞ፣ ጥር 5



ዛሬ ጀልባ ስለሌለ ጋሽ ቢያዝን እንደ ቃላቸው መጡ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። መፈተሻውን አስነሣሁት። አረንጓዴው ግጥም አለ። እኔ ከኋላ ቆሜ እንደ ሙሽራ እናት ፈገግ እላለሁ።

ጣታቸውን ከላይ ጀምረው አወረዱ። እንደገና ከታች ወደ ላይ።

«የኔዎቹ የታሉ?»

«ሁሉም አሉ ጋሼ። ይኸው፣ አረንጓዴ።»

«ልጄ፣ እንግሊዝኛ አላውቅም። አማርኛ ግን አውቃለሁ። እዚህ ላይ አንድም አማርኛ የለም።»

አየሁ። የለም። አንድም! ታች ቁጥሩ «22 አልፏል» ይላል። አርባ አንድ መሆን ነበረበት። ቁጥሩ ሳምንት ሙሉ እዚያው ነበር። እኔ ያየሁት ቀለሙን ነው።

ኮንፊግ ፋይሉን ከፈትሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አዎ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መስመር በመስመር አነበብሁት። ስድስተኛው መስመር፣ ስማቸው በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን ፋይሎች ብቻ አሂድ ይላል። ቴዎ ፋይሎቹን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሰይማልና ለሱ ትክክል ነው። የኔን ዐሥራ ዘጠኝ ግን መፈተሻው ፋይል ናቸው ብሎም አልቆጠራቸው። ስሕተት አለ አላለ፣ ጎድሏል አላለ። ዝም ብሎ አልፏቸዋል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ ጋሽ ቢያዝን። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አምሐ ጎንደር ነው፣ ነገ ይመጣል። ነገ እነግረዋለሁ። እንደዚያ ቀን ጣቴን አላይም።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ነገርሁት። ቦርሳውን ሳያስቀምጥ።

ቦርሳውን ወንበሩ ላይ ወረወረ። «ፈርሜያለሁ እኮ! የብርጓል፣ ተፈትሿል ብዬ በማኅተም ልኬያለሁ!»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ዝም እንበል። ስሕተቱን እንደሁ አርመሽዋል፣ ትኬቱን አይተናል። ጥር 13 ይጀመር፣ ፈተናውን ቀስ ብለሽ ታሟያለሽ።»

«አይሆንም። መታረሙን በምን አወቅሁ? ማኅበሩ ዘንድ ራሴ ሄጄ እናገራለሁ።»

ይሄን ያልሁት እኔ ነኝ? ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። አምሐ አየኝ፣ አየኝ... «ሂጂ እንግዲህ» አለ። ተናዷል። ይናደድ።

ቴዎ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «ኮንፊጉ የኔ ነው። በኔ አሳብቢ፣ እኔ አልጎዳም።» ደግ ልጅ ነው፣ ምላሱ ነው እንጂ። «ሳላነብ የገለበጥሁት እኔ ነኝ» አልሁት።

ማኅበሩ ዘንድ ሄድሁ። ሊቀ መንበሩ ሰምተው ሰምተው፣ «እስከ 13 ጨርሺ። አለበለዚያ ይቅር» አሉ። አለቀ። ይኸው አልሞትሁም።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ስድስተኛውን መስመር ለወጥሁ፤ የትኛውም ፊደል ይሁን እንዲቀበል። አስነሣሁት። አርባ አንድ ብሎ ቆጠረ። ተመስገን።

ሰባቱ ቀይ።

የመጀመሪያው ቀይ የትኛው ቢሆን ጥሩ ነው? «የጧት 12»!

ኧረ በስመአብ... ያን ቀን ያረምሁት የወረቀት ትኬቱን ነው። መልእክቱ ለብቻው ሌላ ቦታ የራሱ ሰዓት ቆጣሪ አለው፣ እኔው ገልብጬ ያስቀመጥሁት። እሱ እስከ ዛሬ «ከምሽቱ» እያለ ነው። ጋሽ ቢያዝን ባይመጡ፣ እኔም አምሐን እሺ ብዬው ቢሆን፣ እሑድ ጥር 17 ያው መልእክት ለእማሆይ ይሄድላቸው ነበር። ያችው ቃል፣ ለዚያችው ዓይን።

ትንሽ አለቀስሁ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ተቀመጥሁ።

ዓርብ፣ ጥር 8

ሁለቱን ሰዓት ቆጣሪዎች አንድ አደረግኋቸው። «የጧት 12» አረንጓዴ። ቀይ የቀረ፣ አራት።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ሁለት። ቀን 6 ሌሊት 6 እየሆነ አበገነኝ።

ከሰዓት ቴዎ ሳልጠይቀው ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ። የተሰበረውን፣ በገመድ አስሮታል። የኮንፊጉን መስመሮች አንድ በአንድ ጮክ ብለን አነበብን። ምን እንደሚያዝዝ ያላወቅነውን አወጣነው። አንዱን መስመር እሱም ለምን እንደጻፈው አያውቅም! ቁጥሩ ከአርባ አንድ ካነሰ ራሱ ቀይ እንዲሆንም አንድ ነገር ጨመርን። ያሰበው እሱ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 11

ጥምቀት። ታቦቱን ስሸኝ አንድ ነገር ብቻ ለመንሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ጋሽ ቢያዝን በበዓል ልብሳቸው ቢሮ መጡ። ኮምፒውተሩ ላይ የራሳቸውን ቃላት አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ። ዐሥራ ዘጠኝ። ከዚያ የእንግሊዝኛዎቹን በጣታቸው ቆጠሩ። ሃያ ሁለት። እኔም ቆጠርሁ፣ ቴዎም ቆጠረ። አርባ አንድ፣ አረንጓዴ።

«አሁን በደንብ ታጥቀሻል» አሉኝ። አምሐ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ከዚያ ለጋሽ ቢያዝን የባጃጅ ከፈለላቸው።

ሐሙስ፣ ጥር 14

የትናንቶቹ መልእክቶች በትክክል ሄደዋል። የዛሬው ጀልባ አንድ ሰው አላስቀረም። ግን የኔ ቀን ይሄ አይደለም።

እሑድ፣ ጥር 17

አራት ሰዓት ላይ ለነገ ተሳፋሪዎች መልእክቱ ወጣ። የእትዬ የሺመቤትን ቁጥር ፈልጌ አየሁት። «ጀልባዎ ሰኞ ጥር 18 ከጧቱ 12 ሰዓት ይነሣል።» ከጧቱ። አምስት ጊዜ አነበብሁት።

ልደውል? ያ ሁሉ ልፋት ደውዬ ልነግራቸው ነበር? ... ደውይ አንቺ ሴት! ኩራትሽ ከዓይናቸው ይበልጣል?

ደወልሁ። ዝግ ነው። ሰባት ሰዓት ላይም ዝግ። ዐሥር ሰዓት፣ ዝግ። መልእክቱን አይተውት ይሆን? ስልኩ ቢበላሽስ? ቢሸጡትስ? እንግዲህ ማድረግ ያለብኝን አድርጌያለሁ። ነገ መውረጃው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 18

ረፋድ ላይ ጀልባው ታየ። ተጠጋ። ሰዉ መውረድ ጀመረ፤ ቅርጫት፣ ዶሮ፣ የማር እንስራ፣ ተማሪዎች። እቆጥራለሁ። ሃያ፣ ሠላሳ... የሉም።

በመጨረሻ፣ ከኋላ በኩል፣ ነጭ ቆብ። እማሆይ! ልጃቸው በብብታቸው ይዛቸዋለች። ሮጥሁ።

«እትዬ የሺመቤት! መልእክቱ ደረሰዎት?»

አወቀችኝ። ፊቷ አልተፈታም። «ደርሶናል። ከጧቱ ይላል።»

«ተመስገን! በሰዓቱ ደረሳችሁ ማለት ነው...»

«የምን በሰዓቱ? አንዴ ማታ ብላችሁ ጧት ሄዳችሁ። ማን ያምናችኋል? ትናንት ረፋድ ወርደን ሐይቁ ዳር ነው ያደርን። ስልኩንም ባትሪው ለዛሬ እንዲተርፈን ዘጋነው።»

ሐይቁ ዳር። በጥር ብርድ። እማሆይ ሰማንያ ይሆናቸዋል። ጋቢያቸው ከጤዛው ገና አልደረቀም። የኔ መልእክት ልክ ነበር፣ አርባ አንዱም አረንጓዴ ነበር፣ እሳቸው ግን ሜዳ ላይ አደሩ። ይሄን ቀይ አድርጎ የሚያሳይ መፈተሻ የለኝም።

«ያን ጊዜ 'ከምሽቱ' ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ወጣ። «ሲስተም የሚባል ሰው የለም። እኔ ነኝ የተሳሳትሁ። ቢሮም ስትመጡ ነበርሁ፣ ዝም ያልሁ።»

እማሆይ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈርቼ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ፈርቻለሁ፣ እማሆይ።»

ሳቁ! ጥርስ የሌለው ሳቅ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። በይ ክንድሽን አምጪ፣ እዚህ ድንጋይ ይበዛል።»

ክንዴን ሰጠኋቸው። ማረፊያቸው ድረስ አብረን ሄድን። ቀላል ናቸው፣ ግን አጥብቀው ይይዛሉ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ተገፈፈላቸው። ዓይናቸው ታሽጓል። ሐኪሙ ጥሩ ሆኗል አለ። የሚቀጥለው ማክሰኞ እዚያው ነርሷ ዘንድ ለምርመራ ይመለሳሉ። የሺመቤት ምሳዬን ካልበላሽ ብላ አፈጠጠችብኝ፤ በላሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። በጀልባ ተመለሱ። ሸኘኋቸው። ሰኞ ደግሞ መምጣት አለባቸው... እንደገና ሐይቁ ዳር ሊያድሩ ነው? አትደሩ ብዬ ልለምናቸው አፌ ላይ ደረሰና ተውሁት። እመኑኝ ተብሎ አይለመንም።

ሰኞ፣ ጥር 25

ትናንት መልእክቱ ወጣ። አልደወልሁም። ቴዎ «ደውይና ይውጣልሽ» አለኝ። አይሆንም አልሁ። ማኅበሩ ከዚህ ወር ጀምሮ የሌሎቹንም ጀልባዎች መልእክት ለኛ ሰጥቶናል፣ አምሐም ኮንፊጉን የምይዘው እኔ ብቻ እንድሆን ወስኗል። ደስ ይላል። ግን ትናንት ሲመሽ ያሰብሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሌሊቱን የት ያድሩ ይሆን?

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። የሺመቤት። ዘልዬ ተነሣሁ።

«የብርጓል፣ እማሆይ 'ለዚያች ልጅ እየመጣን ነው በያት' ብለውኝ ነው። ከቤት ወጥተን እየወረድን ነው። አሁን እሳቸው ናቸው ከፊት የሚሄዱት፣ አልደርስባቸው አልሁ!»

«ከቤት? ሐይቁ ዳር አላደራችሁም?»

«ምን ልናደርግ እናድራለን?» አለች፣ ቁጣ ቁጣ እያላት። «12 ሰዓት ይላል እኮ!»